ኦሜፕራዞሉ ለምን አልያዘልኝም? የሆድ መድኃኒት አሰጣጥ ለደሴና ኮምቦልቻ ነርሶች

«የጨጓራ መድኃኒቱ አልያዘልኝም» ብለው ለሦስተኛ ጊዜ የተመለሱ እናት ነበሩ። ካርዳቸው ላይ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም ታዟል፤ አንድም ቀን አልዘለሉም። «መቼ ነው የሚውጡት እናቴ?» ስላቸው «ማታ ነዋ፣ እራቴን በልቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ፣ ልተኛ ስል» አሉኝ። መድኃኒቱም መጠኑም ደህና ነበር፤ የተበላሸው ሰዓቱ ነው። እኛም ሁለት ጊዜ ስንሸኛቸው አልጠየቅናቸውም።

ይህን የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል አዲስ ለተመደባችሁ ነርሶችና ለልምምድ ለወጣችሁ ተማሪዎች ነው። ማዘዙ የሐኪሙ ወይም የጤና መኮንኑ ሥራ ነው። መቼ ይሰጥ፣ በምን ፍጥነት ይግባ፣ ከምን ይራቅ የሚለው ግን በእኛ እጅ ነው፤ የሆድ መድኃኒት ደግሞ በብዛት የሚበላሸው በእነዚህ ነው። ካልጠቀስኩ በቀር የጻፍኩት መጠን የአዋቂ ነው።

1. «ጨጓራዬን» ሲሉ ቶሎ አትመኑ

እኛ ዘንድ ከደረት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። ቃሩም ጨጓራ፣ የሐሞት ጠጠሩም ጨጓራ፣ አሜባውም ጨጓራ ይባላል። ስለዚህ ስሙን ትታችሁ «በእጅዎ ያሳዩኝ» በሉ። ሲበሉ ይሻልዎታል ወይስ ይብስዎታል? ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል? ሰገራዎ ምን መልክ አለው? እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ ደም ሊሆን ይችላል፤ የአይረን እንክብል የሚወስድ ሰውም ሰገራው ይጠቁራልና እሱን አብራችሁ ጠይቁ። ደም ማስታወክ፣ ምግብ ጉሮሮ ላይ መያዝ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ሆዱ ተነፍቶ ፈስም ሰገራም እንቢ ማለት፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ መድኃኒቱን አስቀምጣችሁ ሐኪም ጥሩ። ዕድሜው የገፋ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ላብ እያጠመቀው «ጨጓራዬ ተነሣ» ካለም መጀመሪያ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ይነሣ። ልብም በጨጓራ ስም ይመጣል።

ቀጥሎ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አትበሉ፤ «የለም» ነው የምትባሉት። ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለራስ ምታት የሚዋጠውን ሰው እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም። «ለወገብዎ የሚውጡት አለ? መርፌስ ተወግተዋል?» ስትሉ ዳይክሎፌናኩና አይቡፕሮፌኑ ይወጣል። እነዚህ መድኃኒቶች የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀው ንፍጥ እንዳይመረት ያደርጋሉ። እነሱን ሳያቆሙ ኦሜፕራዞል መጨመር በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። አስፕሪን ለልቡ የታዘዘለት ግን በራሳችሁ አታስቁሙት፤ ለሐኪሙ ንገሩ።

እርግዝና፣ ኩላሊት፣ የፔኒሲሊን አለርጂ፣ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት የግድ ይጠየቁ። የኤችአይቪውን አስታማሚ ሳይኖር፣ ለብቻ ጠይቁ።

2. ሰዓቱን ወደ ሰውየው ሰዓት አምጡት

ካርድ ላይ 6 ሰዓት ብለን የምንጽፈው ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሕመምተኛው 6 ሰዓት ሲባል የሚያውቀው እኩለ ቀንን ነው። ስትነግሩት «ከጠዋቱ 12 ሰዓት» በሉ፤ ፌስታሉ ላይ ስትጽፉም እንደዚያው።

«በባዶ ሆድ» ማለትም አይበቃም። ቡናና ቆሎ ቀምሶ «ምንም አልበላሁም» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ በእሱ ቋንቋ መብላት እንጀራ ነው። ሰዓት ለማያዩ እናቶች እኔ የምለው «ጠዋት እሳት ሲያነዱ ይዋጡት፤ ቁርሱ እስኪደርስ ጊዜው ይሞላል» ነው። ይህን ሰምተው የረሱ አላጋጠሙኝም።

3. ኦሜፕራዞል፦ ከቁርስ በፊት የሆነበት ምክንያት

የጨጓራ ግድግዳ ላይ አሲድ የሚያወጡ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ። ሆድ ባዶ ሲሆን አብዛኞቹ ተኝተዋል፤ ምግብ ሲመጣ ይነቃሉ። ኦሜፕራዞል የሚይዘው የነቃውን ፓምፕ ነው። መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም ገብቶ ይደርሳል፤ ደም ውስጥ ግማሹ በ1 ሰዓት ገደማ ያልቃል። የያዘውን ፓምፕ ግን አይለቅም፤ ሰውነት አዲስ ፓምፕ እስኪሠራ አሲዱ ዝቅ ብሎ ይቆያል። እንግዲህ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ያልነው ፓምፖቹ ሲነቁ መድኃኒቱ ደም ውስጥ እንዲጠብቃቸው ነው። ማታ ከእራት በኋላ ሲዋጥ እነሱ ሊተኙ ነው፣ እሱ ገና መንገድ ላይ ነው።

ሙሉ ኃይሉ የሚታየው ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ይህን ካልነገራችሁት በሁለተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል።

እንክብሉ ውስጥ ያሉት ፍሬዎች አሲድ እንዳያበላሻቸው ተሸፍነዋል። አይፈጩ፣ አይታኘኩ። መዋጥ ያቃተው ሰው እንክብሉን ከፍቶ ፍሬዎቹን ግማሽ ብርጭቆ ጋዝ በሌለው ውሃ ወይም የፍራፍሬ ጭማቂ በጥብጦ፣ ወዲያው ቢበዛም በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ሳያኝክ ይጠጣው። በወተትና በአምቦ ውሃ አይሆንም። በአፍንጫ ቱቦ ለሚመገብ ደግሞ ፍሬዎቹ ቱቦውን ይደፍናሉና በሌላ መልክ እንዲታዘዝ ጠይቁ።

በደም ሥር ሲሰጥ፦ 40 ሚሊ ግራም ኦሜፕራዞል በሁለት ዓይነት ይመጣል፤ አንዱ በመርፌ የሚገፋ፣ አንዱ በማንጠብጠቢያ የሚሰጥ። ካርቶኑን አንብቡ። የሚገፋው አብሮት በመጣው ማሟሚያ ብቻ ይበጠበጣል፤ ከ2 ደቂቃ ተኩል ባላነሰ ጊዜም ይገባል። የሚንጠባጠበው በ100 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ወይም 5 በመቶ ግሉኮስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ፓንቶፕራዞል 40 ሚሊ ግራም ከሆነ በ10 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ተበጥብጦ ከ2 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ይገፋል። ከሌላ መድኃኒት ጋር በአንድ ሲሪንጅ አትቀላቅሉ፤ ካኑላውን በፊትም በኋላም በሳላይን እጠቡት። ሌሊት ተረኛ ሆናችሁ አሥር ሕመምተኛ ሲጠብቃችሁ ሁለት ደቂቃ ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ሰዓት እያያችሁ።

ክሎፒዶግሬል (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ) የሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ኦሜፕራዞል ከታዘዘለት ሐኪሙን አስታውሱት፤ የክሎፒዶግሬልን ኃይል ይቀንሳል። አታዛናቪር የሚባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ ይነገርለት። ለዓመታት ከመድኃኒት ቤት እየገዙ የሚውጡትም አሉ፤ ቫይታሚን ቢ12ና ማግኒዝየም ሊያንሳቸው፣ አጥንታቸው ሊሳሳ ይችላል። በድንገት ሲያቆሙ ደግሞ አሲዱ ለጊዜው በርትቶ ይመለሳል፤ «ያለ እሱ መኖር አልቻልኩም» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህን ነው።

ራኒቲዲን የሚባለውን የቆየ አሲድ መቀነሻ የሚጠይቁ የድሮ ደንበኞች አሁንም አሉ። ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ የሚጠረጠር ኤንዲኤምኤ የሚባል ቆሻሻ ስለተገኘበት የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2020 በፈረንጅ አቆጣጠር ከገበያ እንዲወጣ ጠይቋል። የእሱ ወገን የሆነው ሲሜቲዲን ካጋጠማችሁ ዋርፋሪን፣ ፌኒቶይንና ቲኦፊሊን ከሚወስድ ሰው አርቁት፤ እነዚህን ደም ውስጥ ያከማቻቸዋል።

4. የሚታኘከው ፀረ አሲድ፦ ርቀት መጠበቅ

አሉሚኒየምና ማግኒዝየም ያለበት ፀረ አሲድ በደንብ ታኝኮ፣ ከምግብ 1 ሰዓት በኋላና ሲተኙ ይወሰዳል። ፍሬውን እንዳለ የዋጠ ሰው የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። አሉሚኒየሙ ያደርቃል፣ ማግኒዝየሙ ያስቀምጣል፤ ሁለቱን የቀላቀሉት ለዚህ ነው። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ሁለቱም ስለሚጠራቀሙ ሳይጠየቅ አይሰጥ።

ዋናው ጣጣው ሌላውን መድኃኒት አንጀት ውስጥ ይዞ ማስቀረቱ ነው። ዶክሲሳይክሊን ወይም አይረን ከሆነ ቢያንስ 2 ሰዓት ያራርቁ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከፀረ አሲዱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ። የኤችአይቪው ዶሉቴግራቪርም ልክ እንደዚሁ፣ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ። የቲቢው አይሶኒያዚድ ቢያንስ 1 ሰዓት ይቅደም። ለቲቢና ለኤችአይቪ ሕመምተኞች ይህን የምትነግሩት እናንተ ናችሁ፤ ፀረ አሲዱን ከሱቅ ሲገዙ ማንም አይነግራቸውም።

5. ኤች ፓይሎሪ፦ የታዘዘውን ቀን ማስጨረስ

የጨጓራ ቁስልን የሚያመጣው በርበሬና ሐሳብ ብቻ ነው የሚለው እምነት ሐኪሞችም ዘንድ ረጅም ዕድሜ ነበረው። አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል በ1984 በፈረንጅ አቆጣጠር ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ ከሮቢን ዋረን ጋር በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በርበሬ ቁስል ላይ ያቃጥላል እንጂ ቁስሉን አይወልድም፤ ለወሎ ሰው ይህን ማስረዳት ደስ የሚል ሥራ ነው።

የሰገራ ምርመራ የታዘዘለት ሰው ኦሜፕራዞልን ለ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክን ለ4 ሳምንት ካላቆመ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። የደሙ ምርመራ ደግሞ ከዳነ በኋላም «አለ» ሲል ስለሚቆይ መዳንን ለማረጋገጥ አይሆንም።

የተለመደው ሕክምና ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም፣ አሞክሲሲሊን 1 ግራም፣ ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም፣ ሁሉም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ነው። አንድ ሰው ይህን ሁሉ እንክብል ታቅፎ ሲወጣ ግራ ይጋባል። እኔ ጠረጴዛው ላይ አስዘርግፌ የጠዋቱን በአንድ፣ የማታውን በሌላ ፌስታል አብሬው እለያለሁ። ኦሜፕራዞሉ ከምግብ በፊት፣ ሁለቱ አንቲባዮቲኮች ከምግብ ጋር። አፍ እንደሚመር፣ ሰገራ ሊላላ እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ያልተነገረው ሰው በአራተኛው ቀን ያቆማል፣ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ይለምዳል። ሲምቫስታቲን (የኮሌስትሮል መድኃኒት) የሚወስድ ከሆነ ክላሪትሮማይሲኑ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙ ይወቅ።

ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው በምትኩ ሜትሮኒዳዞል ሊታዘዝለት ይችላል። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ እስከ ጨረሰና ከዚያም 3 ቀን እስኪያልፍ አይቅመስ፤ ማስታወክ፣ ፊት መቅላትና የልብ ምት መፍጠን ሊያስከትል ይችላል። በስሙ ወይም በአለባበሱ «ይሄ አይጠጣም» ብላችሁ አትለፉ፤ ሁሉንም ጠይቁ። ሽንቱ ሊጠቁር፣ አፉ ብረት ብረት ሊል እንደሚችልም ይወቅ።

6. ፕላሲል፦ ቀስ ብሎ

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት የ17 ዓመት ልጅ እያስታወከች መጣች። ሜቶክሎፕራሚድ 10 ሚሊ ግራም ታዘዘላት፤ ፕላሲል የምንለው ነው። ቸኩዬ ነበርና በአንድ ትንፋሽ ገፋሁት። ወዲያው «ልውጣ፣ ልሂድ» እያለች አልጋው ላይ መቀመጥ አቃታት። ሌሊት ደግሞ አንገቷ ወደ ኋላ ተጠመዘዘ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ፣ ምላሷ ወጣ። አያቷ «ጅን ነው፤ አውጡልኝ ልውሰዳት» ብለው ልብሷን መሰብሰብ ጀመሩ። ያዳነችን ነባሯ ሲስተር ናት፤ ገና ከበሩ አይታ «ፕላሲል ወስዳለች?» አለች። ሐኪሙ ያዘዘው ዳይፈንሃይድራሚን በደም ሥር ገብቶ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንገቷ ተመለሰ። አያቷን አስቀምጠን ከመድኃኒቱ የመጣ መሆኑን፣ የእኔም መቸኮል እንደነበረበት ነገርናቸው።

መድኃኒቱ ማስታወክን የሚያቆመው አንጎል ውስጥ ዶፓሚንን ዘግቶ ነው፤ እንቅስቃሴን የሚመራውም ዶፓሚን ስለሆነ በተለይ ሕፃናትና ወጣት ሴቶች እንዲህ ይሆናሉ። መቁነጥነጡ በፍጥነት ከመግፋት ይመጣል፤ መጠማዘዙ ግን ቀስ ብላችሁ ብትሰጡም በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ አስታማሚውን አስጠንቅቁ። ቢያንስ 3 ደቂቃ ወስዳችሁ ግፉ። በቀን ከ30 ሚሊ ግራም፣ በተከታታይ ከ5 ቀን አይለፍ። ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም። አንጀቱ ለተዘጋ፣ የሚጥል በሽታ ወይም ፓርኪንሰን ላለበት፣ ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ለሚወስድም አይሆንም።

ሌላው የማስታወክ መድኃኒት ኦንዳንሴትሮን አንገት የሚያጠማዝዘው ከስንት አንዴ ነው፤ ራስ ምታትና ድርቀት ያመጣል፣ የልብ ምት ሥርዓትንም ሊያዛባ ስለሚችል ፖታሲየሙ የወረደ ሰው ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች አይሰጥም፤ መተንፈስ ሊያቆም ይችላል። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋን ይገድላልና በጥልቅ ጡንቻ መውጋቱ ይሻላል።

ከደሴ ኮምቦልቻ ሐረጎን ሲወርዱ መኪና የሚያስታውካቸው ሰዎች ፕላሲል ይዘው ይሳፈራሉ። ለመኪናው አይጠቅማቸውም። ለጉዞ የሚሠሩት እንደ ፕሮሜታዚን ያሉ የሚያስተኙት ናቸው፤ እነሱም ከመሳፈር በፊት ከግማሽ እስከ 1 ሰዓት መዋጥ አለባቸው። ሹፌሩ ግን አይውጥ።

7. ተቅማጥ፦ መጀመሪያ ውሃው

የኦአርኤሱ ስኳር ለጣዕም የገባ አይደለም። ተቅማጥ ላይ ያለ አንጀት ጨውን ብቻውን መሳብ ቢያቅተውም ከግሉኮስ ጋር ሲመጣ በአንድ በር ያስገባዋል፤ ውሃውም ተከትሎ ይገባል። ስለዚህ ተጨማሪ ስኳርም ጨውም አይጨመርበት፣ ለስላሳ መጠጥም አይተካው።

አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ ከረጢቱ ላይ ሌላ መጠን ከተጻፈ ግን እሱን ተከተሉ። እናትየዋን «በስንት ይበጠብጡታል?» ስትሏት «በአንድ ሃይላንድ» ትላችኋለች። የቱ ሃይላንድ? ግማሽ ሊትሩም፣ ሁለት ሊትሩም ሃይላንድ ነው። በግማሽ ሊትር ከበጠበጠችው ጨው ይበዛበትና ልጁን ይጎዳል። ጠርሙሱን አሳይታችሁ፣ ፊታችሁ እንድትበጠብጥ አድርጉ። 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ደግሞ ተከድኖ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ።

ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከ2 ዓመት በላይ ላለ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ወይም በሲኒ ይሰጥ። ካስታወከ 10 ደቂቃ ጠብቃ ቀስ ብላ ትቀጥል። ጡት አይቋረጥ። ዓይኑ የጎደጎደና የሚነጫነጭ ልጅ በኪሎው 75 ሚሊ ሊትር በ4 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያው ሆኖ ይጠጣል። የፈዘዘ ወይም መጠጣት ያቃተው በደም ሥር ነው፤ ያ የማይዘገይ ነው።

ዚንኩ ከ6 ወር በታች 10፣ ከ6 ወር በላይ 20 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንዴ ለ10 ቀን። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም እናቶች ዚንኩን ያቆማሉ፤ ለሚቀጥሉት ወራት እንደሚጠብቀው ንገሯቸው።

ሎፔራሚድ አንጀትን ያስተኛል እንጂ ጀርም አይገድልም። ደም የቀላቀለ ወይም ትኩሳት ያለበት ተቅማጥ ላይና ለሕፃናት አይሰጥ፤ መርዙን ውስጥ ይቆልፈዋል።

8. ድርቀትና ቁርጠት

ቢሳኮዲል 5 ሚሊ ግራም ማታ ከተዋጠ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል፤ ከወተትም ከፀረ አሲድም 1 ሰዓት ይራቅ፣ አይሰበር። በፊንጢጣ የሚገባው ከ15 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይበቃዋል። ላክቱሎስ 2 ቀን ሊፈጅ ይችላል። ጉበቱ ደክሞ አእምሮው ለሚዛባ ሕመምተኛ ላክቱሎስ የሚሰጠው ግን ለድርቀት አይደለም፤ አሞኒያን ለማስወጣት ነው። «ሰገራው ላልቷል» ብላችሁ እንዳታቆሙት፤ በቀን 2 ወይም 3 ለስላሳ ሰገራ ነው የምንፈልገው።

ቡስኮፓን ቁርጠትን ያላላል፤ ልብን ያስሮጣል፣ ፕሮስቴታቸው ያበጠ አባቶችን ሽንት ይከለክላል፣ አንዳንድ ግላኮማ ያለበትን ዓይን ይጎዳል። ሆዱ እንደ ጣውላ የደረቀ ሰው ሐኪም ሳያየው አይሰጥ።

9. ረመዳንና ጾም

ይህን ሳትጠይቁ ሕመምተኛ አትሸኙ። በረመዳን አንድ ኦሜፕራዞል ለሚውጥ ሰው የምመክረው ይህን ነው፦ የመግሪብ አዛን ሲሰማ በውሃ ይዋጠው፣ ሶላቱን ይስገድ፣ ከዚያ ምግቡን ይብላ። ግማሽ ሰዓቱ በዚያው ይሞላል። ሁለት ጊዜ ለሚወስድ ሁለተኛው ከሱሁር ግማሽ ሰዓት በፊት ነው። ደም የሚያስታውክ ወይም የቆሰለበት ሰው ግን መጾም አለመጾሙን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር፤ ለሕመምተኛ ፈቃድ መኖሩን ኢማሙም ይነግሩታል።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ምእመናን ጠዋት ውሃም አይቀምሱ ይሆናል። «ግዴታ ይዋጡ» ብሎ መከራከር የትም አያደርስም፤ ከሚበሉበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት በፊት አድርጉላቸው፣ ስለ ጠዋቱ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ። አልወስድም ብለው ሳይነግሯችሁ ከሚያቆሙት ይህ ይሻላል።

10. ካርዱ ላይ

«ተሰጥቷል» ብቻ አትጻፉ። ስንት ሰዓት እንደተሰጠ፣ ምግቡ መቼ እንደመጣ፣ በስንት ደቂቃ እንደተገፋ፣ ስንት ጊዜ እንዳስታወከና እንዳስቀመጠው፣ የሰገራው መልክ ምን እንደሆነ ይጻፍ። ተረኛ ስትቀያየሩ በመግቢያው ያነሣኋቸውን እናት ዓይነት ሕመምተኛ «ኦሜፕራዞል ላይ ናቸው» ብላችሁ አታስረክቡ፤ «ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጠዋል፣ ቁርስ 1 ሰዓት ላይ በልተዋል» በሉ። እኚያ እናት በሁለት ሳምንታቸው ለሌላ ጉዳይ መጥተው ነበር፤ ስለ ጨጓራቸው እኔው ነኝ የጠየቅኳቸው።